ላሟ በሰማይ፣ ድርቆሹስ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ምስል ላከልኝ። ጥቁር ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ፣ ወርቅ የተቀባ የሚመስል ድንጋይ ነው። ይህ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የህዋ ድንጋይ) ተሸጦ ለዓለም ሕዝብ ቢከፋፈል እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ቢሊየን ዶላር በላይ ይደርሰዋል የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለ። ወዳጄ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፦ «የኔን ድርሻ በቴሌብር ያስገቡልኝ።»

ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ድንጋዩ ሳይኪ ይባላል። ጣሊያናዊው አኒባሌ ደ ጋስፓሪስ በ1852 ኔፕልስ ሆኖ ነው ያገኘው። እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሳይኪ በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ይዞራል፤ ከዳር እስከ ዳር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። የናሳን የሳይኪ ተልዕኮ የሚመሩት ሊንዲ ኤልኪንስ-ታንተን ብረቱ ብቻ በምድር ገበያ ዋጋ ቢተመን 10 ኩዊንቲሊየን ዶላር ያወጣል ብለው በ2017 ገምተው ነበር። አስር ብላችሁ 18 ዜሮ ጨምሩበት። ለ8 ቢሊየን ሰው ሲካፈል 1.25 ቢሊየን ይመጣል።

ሴትዮዋ ግን በዚያው አንደበታቸው ቁጥሩ ጨዋታ መሆኑን ተናግረዋል። ድንጋዩን ጎትቶ የሚያመጣ ቴክኖሎጂ የለም። ቢመጣ ደግሞ ገበያው ይፈርሳል። ይቺ ክፍል ቴሌግራም ላይ ሳትደርስ ቀረች። ያኔ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው የተባለው ድንጋይም በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ከፊሉ ተራ አለት ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ወደዚያ የተላከችው መንኮራኩር በ2023 ተነስታ በ2029 ትደርሳለች። የያዘችው ካሜራና መለኪያ መሣሪያ ነው። አካፋ የላትም። ወጪዋ ወደ 1.2 ቢሊየን ዶላር ይጠጋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለዚህ ቀን የተቀመጠ ይመስላል።

ሆኖም ነገሩን በተረት ዘግቶ ማለፍም ልክ አይደለም። አስትሮይድ ላይ ያለው ሀብት እውነተኛ ነው። ችግሩ ሰዎች ሂሳቡን ከተሳሳተ ጫፍ መጀመራቸው ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ የማዕድን ንግድ አድርገን እናየዋለን። ለእኔ ግን ከማዕድን ይልቅ የትራንስፖርት ንግድ ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንይ። የዛሬን ዋጋ በጠቅላላ ክብደት ማባዛት አሪፍ ቁጥር ይሰጣል። ግን ዋጋው ዛሬ እንዲህ የሆነው ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ነው። በ1324 የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ ወደ መካ ሲጓዝ ካይሮ ላይ ወርቅ ያለ ስስት በተነ። ከ12 ዓመት በኋላ ከተማዋን ያየው የታሪክ ጸሐፊ አል-ዑመሪ የወርቅ ዋጋ ገና አለማገገሙን ጽፏል። አንድ ሰው፣ አንድ ጉዞ፣ አንድ ከተማ ነው።

የቅርቡን ለሚፈልግ ሮዲየም አለ። ሮዲየም ከፕላቲነም ጋር አብሮ የሚወጣ ብረት ነው። በዓመት ከማዕድን የሚገኘው የዓለም ምርት 30 ቶን አይሞላም፤ አንድ ሲኖትራክ ከነተሳቢው ይጨርሰዋል። በ2021 መጀመሪያ አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወደ 30,000 ዶላር ተጠጋ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ከ5,000 በታች ወረደ። ከሰማይ የመጣ ምንም ነገር የለም፤ የመኪና ፋብሪካዎችን የመሳሰሉ ገዢዎች ፍላጎት ቀዝቀዝ ስላለ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ፕሪየስ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ገበያ ከማንም በተሻለ ያስታውሱታል። ሌሊት መኪናው ሥር የሚገባ ሌባ በመጋዝ ቆርጦ የሚወስደው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚሉት፣ ውስጡ ሮዲየም፣ ፓላዲየምና ፕላቲነም አለው። ጠዋት መኪናው ሲነሳ እንደ ትራክተር ያጓራል። ዋጋው ሲወድቅ ሌብነቱም ረገብ አለ። ሌባው እንኳ ገበያ ያያል።

እንዲህ በቀጠነ ገበያ ላይ አንድ መርከብ ሙሉ ብረት ማራገፍ ራስን መጣል ነው። ግን እስቲ ዋጋው አይነቃነቅም ብለን እናስላው።

እስከዛሬ ከአስትሮይድ ትልቁን ጭነት ያመጣችው የናሳዋ ኦሳይሪስ-ሬክስ ናት። በ2016 ተነሳች። በ2020 ቤኑ የሚባል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ላይ እጇን ዘርግታ አፈር ዘገነች። በሴፕቴምበር 2023 ዩታ በረሃ ላይ አራገፈች። ጠቅላላ ክብደቱ 121.6 ግራም ነው። ለአንድ ጀበና የሚወቀጥ ቡና ቢሆን ነው። ከእሷ በፊት የጃፓኗ ሃያቡሳ 2 ያመጣችው 5.4 ግራም ነበር። የመጀመሪያዋ ሃያቡሳ ደግሞ አንድ ሚሊግራም እንኳ አልሞላችም።

የኦሳይሪስ-ሬክስ ወጪ 1.16 ቢሊየን ዶላር ገደማ ነው። ለ121.6 ሲካፈል አንዱ ግራም 9.5 ሚሊየን ዶላር ይሆናል። ወርቅ በግራም መቶ ምናምን ዶላር ነው። ተልዕኮው ለሳይንስ ነውና ማወዳደሩ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይገባኛል። ግን ርቀቱን ያሳያል።

እዚያ ላይ የሆነውም ነገር ትምህርት አለው። የቤኑ ገጽ ጠንካራ ይመስል ነበር። እጇ ሲነካው ግን ልል ጠጠር ሆኖ ተገኘና ግማሽ ሜትር ያህል ሰመጠች። መያዣው ከመጠን በላይ ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ከዘገነችው የተወሰነው ወደ ህዋ ተበተነ። ቤኑ ላይ ስበት የለም ማለት ይቀላል። ልጅ የወረወረው ኳስ አይመለስም። ዶማ ብታነሱ ዶማው ሳይሆን እናንተ ናችሁ የምትነሱት። ምድር ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሂውስተን ቤተ ሙከራ ውስጥ መያዣውን ከዘጉት 35 ብሎኖች ሁለቱ አልፈታ አሉ። ልዩ መፍቻ ተሠርቶላቸው የተከፈቱት በጃንዋሪ 2024 ነው። ሙሉ ቤተ ሙከራና መሐንዲስ ባለበት ቦታ ሁለት ብሎን ወራት ፈጀ። ሚሊየን ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለ ክሬሸር ሲነክስ ማን ይፈታዋል?

አሁን የነጋዴ ሂሳብ። አንድ አውንስ ፕላቲነም 1,000 ዶላር ነው እንበል፤ ለዓመታት እዚያው አካባቢ ሲዋልል ነበር። በ2025 በጣም ጨምሯል፣ ግን ለስሌት ክብ ቁጥር ይሻላል። በዚህ ዋጋ ኪሎው 32,000 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ቢሊየን ዶላር የወጣበት ጉዞ ወጪውን ብቻ እንዲመልስ 31 ቶን የተጣራ ፕላቲነም ማምጣት አለበት። በዓመት ከምድር የሚወጣው ከ170 እስከ 190 ቶን ነው። ስለዚህ አንዷ መርከብ የዓለምን ዓመታዊ ምርት አንድ ስድስተኛ ይዛ መውረድ አለባት። ያን ቀን ዋጋው 1,000 ላይ ይቆያል የሚል ካለ እሱ መርካቶን አያውቅም።

ድንጋዩስ ምን ያህል ይይዛል? ምድር ላይ ጥሩ የሚባል የፕላቲነም ማዕድን በአንድ ቶን ጥቂት ግራም ይሰጣል። በብረታማ አስትሮይዶች ውስጥ በቶን በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ሊገኝ ይችላል። ለጋስ ሆነን 50 ግራም ብንል እንኳ 31 ቶን ለማግኘት 620,000 ቶን ብረት መፍጨትና ማጣራት ይጠይቃል። ዝገት የማያውቅ፣ የደነደነ ብረት ነው። ያውም ውሃና መብራት በሌለበት፣ ማንም ሰው በማይቆምበት ቦታ።

ከዚያ ጊዜ አለ። ይህን ብዙ ጽሑፍ ይዘለዋል። አንድ ቢሊየን በ10 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ ዕቃው ከ10 ዓመት በኋላ ቢመጣ መመለስ ያለባችሁ 2.6 ቢሊየን ገደማ ነው። እቁብ ገብታችሁ ሰብሳቢው «የመጀመሪያው ዕጣ የሚወጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፣ ሳጥኑ መንገድ ላይ ካልጠፋ» ቢላችሁ ስንት ሰው ይቀራል?

የቀሩ ነበሩ። ፕላኔተሪ ሪሶርስስ በ2012 ሲያትል ላይ ራሱን ሲያስተዋውቅ ከጀርባው የጉግል ሰዎች፣ ላሪ ፔጅና ኤሪክ ሽሚት ነበሩ። የሉክሰምበርግ መንግሥትም አክሲዮን ገዛ። በ2018 ገንዘቡ አለቀና ኩባንያው ለአንድ የብሎክቼይን ድርጅት ተሸጠ። ኋላ ዕቃዎቹ በጨረታ ወጡ። ሉክሰምበርግ 12 ሚሊየን ዩሮዋን ረሳችው። ዲፕ ስፔስ ኢንደስትሪስ የተባለው ተፎካካሪም በዚያው ሰሞን በሌላ ኩባንያ ተዋጠ። ሁለቱም ቴክኖሎጂ አልጎደላቸውም ማለት አልችልም፤ ቀድሞ ያለቀው ግን የባለሀብቱ ትዕግሥት ነው።

አሁን ተረኛው በ2022 የተቋቋመው አስትሮፎርጅ ነው። ወደ 55 ሚሊየን ዶላር ሰብስቧል። ዒላማው ፕላቲነም ነው፤ መንገዱ ግን የተለየ ነው። ትንንሽና ርካሽ መንኮራኩር ልኮ፣ ወድቆ፣ ተምሮ፣ እንደገና መላክ። በፌብሩዋሪ 2025 ኦዲን የምትባለዋን ወደ አንድ አስትሮይድ ላከ። ብዙም ሳይቆይ ግንኙነቷ ተቋረጠ። እንደ ስልት ግን አልንቀውም። በርካሽ መውደቅ ራሱ አንድ ነገር ነው።

ወደ ትራንስፖርቱ ልምጣ።

አሞሌ ጨው ገንዘብ የነበረበትን ዘመን አስቡ። ጨው ደናክል ላይ መሬት ነው። እግር ይረግጠዋል። ያው ጨው ተጠርቦ፣ ግመል ተጭኖ፣ ደጋ ሲወጣ ግን ገንዘብ ይሆናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ፖርቱጋሎች ይህን አስተውለዋል፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥር የአሞሌው ዋጋ ይጨምር ነበር። ሰው የሚከፍለው ለመንገዱ ነው።

አሁን ግመሉን ተመልከቱት። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የጨው ሜዳ ተነስቶ፣ በበራህሌ በኩል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው መቀሌ ይወጣል። መንገዱ ላይ ሣር የለም። ስለዚህ ድርቆሹን ራሱ ይሸከማል። የተሸከመው ድርቆሽ በበዛ ቁጥር ለጨው የሚቀረው ቦታ ይቀንሳል። ሮኬትም ይኸው ነው። ፋልከን 9 ሲነሳ 549 ቶን ይመዝናል። ቅርብ ምህዋር የሚያደርሰው ጭነት ቢበዛ 22.8 ቶን ነው። ከመቶ አራት። የቀረው አብዛኛው ድርቆሽ ነው። ነዳጅ ነዳጅን ይሸከማል።

መሃል መንገድ ላይ የድርቆሽ ክምር ቢኖርስ? የአስትሮይድ ማዕድን ዋና ቁም ነገር ለእኔ እዚህ ነው። ከአስትሮይዶች አብዛኞቹ ብረታማ አይደሉም። ካርቦን የበዛባቸው ጥቋቁር ድንጋዮች ናቸው፤ በውስጣቸው ከሸክላ ጋር የተዋሐደ ውሃ የያዙም አሉ። ቤኑ ከእነዚህ አንዱ ነው። በጃንዋሪ 2025 የወጣው የምርመራ ውጤት ደግሞ የሚገርም ነገር አሳይቷል። ቤኑ የመጣበት እናት ድንጋይ ውስጥ ውሃ ተንኖ ያስቀረው ጨው ተገኝቷል፤ ከነዚህም አንዱ የገበታ ጨው ማዕድን ነው። ለካ እዚያም ደናክል አለ።

ውሃ ሲከፈል ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ነው። ሃይድሮጂኑ የሮኬት ነዳጅ ነው፤ ኦክስጅኑ ያነደዋል። ውሃ ይጠጣል፣ ኦክስጅኑ ይተነፈሳል፣ ከጨረርም ይከላከላል። ምድር ላይ ማንም የማይገዛው ድንጋይ እዚያ ቦታው ላይ እያለ ውድ ነው። ወደ ምድር ማምጣት አያስፈልግም። እንዲያውም ማምጣት ዋጋውን መግደል ነው።

ዋጋው ስንት ነው? ከምድር የሚወጣው ውሃ የሚያስከፍለውን ያህል። በስፔስ ሹትል ዘመን አንድ ሊትር ሃይላንድ ምህዋር ለማድረስ ከ50,000 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። በፋልከን 9 ወደ 3,000 ወርዷል። አዲሱ ግዙፍ ሮኬት ስታርሺፕ የታሰበለትን ካሳካ ደግሞ በጣም ይወርዳል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ አስትሮይድ መቆፈር ቀለለ ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ መሣሪያው በርካሽ ይወጣል። ግማሹን ግን ይረሱታል። ውሃውም በርካሽ ይወጣል! የአስትሮይዱ ውሃ የሚወዳደረው ከዚህ ውሃ ጋር ነው። የበራህሌ መንገድ አስፋልት ሆኖ አይሱዙ ሲገባ፣ መሃል መንገድ ላይ ድርቆሽ ከምሮ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ማን ይቆምለት ነበር? የሮኬት መርከስ ለዚህ ሥራ ጉልበትም ጠላትም ነው። ጠቡ የሚለየው በርቀት ነው። ለቅርብ ምህዋር ምድር ታሸንፋለች ብዬ አስባለሁ። ወደ ጨረቃና ከዚያ ማዶ ለሚሄድ ግን የምድር ውሃ እየተወደደ፣ የአስትሮይዱ ደግሞ እየተሻለ ይሄዳል።

ሌላም እንቅፋት አለ። ዛሬ ምህዋር ላይ ያሉ ሳተላይቶች አብዛኞቹ በውሃ አይሄዱም። ሃይድራዚን የሚባል ነዳጅ ወይም እንደ ዜኖን፣ ክሪፕተንና አርጎን ያለ ጋዝ ነው የሚጠቀሙት። ለናፍጣ መኪና ቤንዚን ማደያ እንደ መክፈት ነው። ማደያ የሚለው ሐሳብ ግን ገዢ የሌለው አይደለም። ኦርቢት ፋብ የተባለ ኩባንያ በ2022 ጂኦስቴሽነሪ በሚባለው ሩቅ ምህዋር ላይ ላሉ ሳተላይቶች እስከ 100 ኪሎ ሃይድራዚን በ20 ሚሊየን ዶላር እንደሚያደርስ አስታውቆ ነበር። ኪሎው 200,000 ዶላር ማለት ነው። ቦታ ዋጋ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

ወደ ምድር መምጣት የሚያዋጣው እጅግ ቀላል፣ እጅግ ውድና ምድር ላይ የጠፋ ነገር ብቻ ነው። ሂሊየም 3 አንዱ ነው፤ የኳንተም ኮምፒውተሮችን ለማቀዝቀዝ ይፈለጋል። ኢንተርሉን የተባለ ድርጅት ከጨረቃ አፈር አወጣዋለሁ ይላል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ2025 ሦስት ሊትር አዝዞታል፤ እስከ 2029 ሊያስረክብ። ሦስት ሊትር ጋዝ ነው እንግዲህ። ግን ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው።

ሕጉን ባጭሩ። የ1967ቱ የህዋ ስምምነት ማንም አገር ጨረቃንም ሆነ አስትሮይድን የግዛቴ አካል ነው እንዳይል ይከለክላል። ቆፍሮ ስለወሰደው ዕቃ ግን በግልጽ አይናገርም። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017፣ በኋላም የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና ጃፓን ክፍተቱን በየራሳቸው ሕግ ሞሉት፦ ድንጋዩ ያንተ አይደለም፤ ያወጣኸው ግን ያንተ ነው። የባሕር ዓሣ ዓይነት ነገር። ለቴሌግራሙ ወዳጄ መጥፎ ዜና ነው። የማከፋፈል ሐሳብ የለበትም።

ለአፍሪካስ? ሰባ በመቶ ገደማ የሚሆነው የዓለም ፕላቲነም የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። እኛም ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የተቆፈረ ፕላቲነም አለን። ከሰማይ የሚወርድ ፕላቲነም እነዚህን ጉድጓዶች ይዘጋቸዋል የሚል ስጋት አልፎ አልፎ እሰማለሁ። እኔ ብሆን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብጨነቅ ይሻለኛል። ጭስ የሌለው መኪና የጭስ ማጣሪያ አያስፈልገውም። ፓላዲየም በ2022 አንድ አውንስ ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 አንድ ሺህ አካባቢ ደረሰ። የባትሪ ፋብሪካ ከሮኬት ቀድሞ ይደርሳል። ደግሞ ይህ የአስትሮይድ ቆፋሪውም ራስ ምታት ነው። ዕቃውን ይዞ እስኪመለስ ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ሊጠብቀው ይችላል።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ላክሁለት። አራት ደቂቃ ነው። ይሰማዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ማታ ላይ መለሰልኝ።

«እሺ ቢሊየኑ ይቅር። ግመሎቹ ግን መቼ ነው በዚያ መንገድ የሚያልፉት?»

ቻይና በ2025 ቲያንዌን 2ን ካሞኦአሌዋ ወደሚባል ትንሽ አስትሮይድ ልካለች፤ በ2027 ጥቂት አፈር ይዛ እንድትመለስ ታስቧል። ወደ ሳይኪ የተላከችውም በ2029 ትደርሳለች። የግመል ዱካ አልኩት፤ ቅፍለቱ ገና አልተነሳም።